ሴራሚክ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለቤት እድሳት የፊኒሺንግ ዕቃ አመራረጥ

ሴራሚክ ሱቅ ውስጥ የማያምር ዕቃ የለም። መብራቱ ደማቅ ነው፣ ናሙናው ተወልውሎ ቆሟል፣ ሻጩም «ይሄ ገና አሁን የገባ ነው» ይላችኋል። ጣጣው የሚመጣው ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። የሚያብለጨልጨው ወለል የሳሙና ውሃ ሲነካው ሰው ይጥላል። ሳሎን የተነጠፈው ላሚኔት (እንጨት መሰል ተገጣጣሚ ወለል) ላይ አንድ የቡና ፍም ወድቆ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። አዲስ የተቀባው ግድግዳ ክረምት ሲገባ ይላጣል። ብዙ ጊዜ ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ያለቦታው ገብቶ ነው።

ስለዚህ ሱቅ የምንሄደው አምስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ሁሉ ቤት ውስጥ ነው፣ አብዛኛውም ገንዘብ አይጠይቅም። እዚህ የማስበው አዲስ አበባ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤት ወይም የቆየ የግቢ ቤት ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ ሰዎች ስለ ወለል ቅዝቃዜ የምለውን ገልብጣችሁ አንብቡት፤ እዚያ ቀዝቃዛ ወለል ጸጋ ነው።

1. ክፍሎቹን በውሃ፣ በእሳትና በእግር መዝኑ

ወረቀት አውጡና እያንዳንዱን ክፍል ጻፉ። ሰገነቷንና ኮሪደሯንም እንዳትረሱ። ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ጥያቄ መልሱ። ውሃ ይነካዋል ወይ? እሳት ወይም እንፋሎት ይቀርበዋል ወይ? ምን ያህል ሰውና ዕቃ ይመላለስበታል?

መልሱ የቤተሰቡን አኗኗር ይከተላል እንጂ የክፍሉን ስም አይከተልም። ሳሎን በካታሎግ ላይ ደረቅ ክፍል ነው። እኛ ቤት ግን ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ፍም ይፈነጠራል። ለበዓል ደግሞ እርጥብ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ቄጤማው ላሚኔት ላይ ካደረ እርጥበቱ በመገጣጠሚያው ይገባና የጣውላውን ጠርዝ ያሳብጠዋል። ያበጠ ላሚኔት ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ቡና በየቀኑ ወለል ላይ የሚፈላበት ቤት ከሆነ ሳሎኑን «እሳትም ውሃም ያለበት» ብላችሁ መዝግቡ።

ማድ ቤት ውስጥ ዋናው ጠላት የምጣድ እንፋሎት ነው። በሳምንት ሁለቴ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ያህል እንጀራ የሚጋገር ከሆነ፣ ከምጣዱ በላይ ያለው ግድግዳና ኮርኒስ ልክ እንደ ሻወር ቤት ሊታይ ይገባዋል። እርድና በርበሬ ያለበት ዘይትም ግድግዳ ላይ ይረጫል።

ሻወር ቤት ግልጽ ነው። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ በርሜልና ጀሪካን እዚያው ይቀመጣል፣ ወለሉ ላይም ይጎተታል። ኮሪደሩም እንዲሁ፤ ሲሊንደርና ሶፋ የሚያልፍበት እሱ ነው። መኝታ ቤት ብቻ ነው እውነተኛ ደረቅና ሰላማዊ ክፍል። ስለዚህ ስስና ለስላሳ የሆነውን ዕቃ ለእሱ አስቀምጡለት።

2. ከሥር ያለውን መርምሩ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ወለልም ይሁን ቀለም ከተቀመጠበት ነገር አይበልጥም።

ወለሉን በሁለት ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ፈትሹት። በየአቅጣጫው አጋድሙትና ከሥሩ ያለውን ክፍተት እዩ። በሁለት ሜትር ውስጥ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎደጎደ ላሚኔት አይቀመጥበትም፤ ሲረገጥ ወደ ታች እየጎበጠ መቆለፊያው ይሰበራል። መጀመሪያ መስተካከል አለበት። ቀጥሎ ሊሾውን፣ ማለትም የሲሚንቶ ወለሉን፣ በሚስማር ጫሩት። ዱቄት ሆኖ የሚነሳ ከሆነ ምንም ነገር አይያዝበትም፤ መነሳት አለበት።

እርጥበት ለመለየት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርጉና ዙሪያውን በስኮች በደንብ አሽጉት። በማግስቱ ግለጡት። ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከአካባቢው ከጠቆረ እርጥበት እየወጣ ነው። ምድር ቤት ላይ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ይህን ሙከራ ጥር ላይ ብታደርጉት ወለሉ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እውነቱን የሚናገረው ነሐሴ ላይ ነው። ክረምት መጠበቅ ካልቻላችሁ የግድግዳውን እግር ተመልከቱ። ከወለል ከፍ ብሎ በአግድም የሄደ ቡናማ መስመር ወይም እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነጭ ጨው ካለ ውሃው ከመሬት እየወጣ ነው።

አዲስ ሊሾ ካፈሰሳችሁ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ግምቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ እስኪደርቅ ወደ 40 ቀን ይፈልጋል፣ በክረምት ከዚያም በላይ። ሴራሚክ ያን ያህል አያስጨንቅም። ላሚኔትና ፓርኬ ግን እርጥብ ሊሾ ላይ ከተነጠፉ ይነሳሉ።

ግድግዳውን በጣታችሁ መገጣጠሚያ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከብሎኬቱ ለቋል፤ ፈርሶ እንደገና ይለሰን። ላዩ ላይ ስቱኮ መምታት ችግሩን ለስድስት ወር መደበቅ ብቻ ነው። የተላጠ ቀለም ካለ ከቀለሙ በፊት የውሃውን ምንጭ ፈልጉ፦ የላይኛው ጎረቤት ሻወር፣ የተሰነጠቀ ሰገነት፣ የተቀደደ ቆርቆሮ፣ የተደፈነ አሸንዳ።

የቆየ ጭቃ ቤት የምታድሱ ከሆነ በቀጥታ የሲሚንቶ ልስን አትለጥፉበት። ጭቃው ይተነፍሳል፣ እርጥበት ሲቀበልና ሲለቅ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶው ደረቅ ነውና ተሰንጥቆ እንደ ቅርፊት ይወርዳል። ወይ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ወጥሮ በዚያ ላይ መለሰን፣ ወይ በጭድ በተቦካ ጭቃ አስተካክሎ ኖራ መቀባት። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ለጭቃውም ይስማማዋል። «የድሮ ይመስላል» የሚለው ሐሜት እኔን አያሳምነኝም።

የድሮ ዘይት ቀለም ያለበት ቤት ከሆነ በደረቁ አትፈግፍጉት። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስን በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የሚገድበው ደንብ ቁጥር 429 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ቀለም ምን እንዳለበት አይታወቅም፣ ብናኙ ደግሞ ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ነው። እያረጠባችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስክ አድርጉ፣ ልጆቹን ያን ሰሞን አያታቸው ጋ ላኳቸው።

ሁለት ልኬቶች ይቀራሉ። አንደኛው የበሩ ሥር ነው። አዲስ ወለል ከነሞልታው (ከሲሚንቶና አሸዋ ቡኬቱ) ወለሉን 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የመግቢያው ብረት በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከዚያ በኋላ አይከፈትም። ሁለተኛው ክብደት ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ሞልታ በአንድ ካሬ ወደ 60 ኪሎ፣ ፖርሴሊኑ (ውሃ የማይጠጣው ጠንካራ የሴራሚክ ዓይነት) ደግሞ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። 14.4 ካሬ ሳሎን ላይ ከ1,100 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ወለሉ ቀጥ ያለ ከሆነና በማጣበቂያ ከተሠራ ግን ከ500 ኪሎ በታች ይወርዳል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ በተለይ በነባሩ ሴራሚክ ላይ ሌላ ሴራሚክ ለመደረብ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታሰሉ አትጀምሩ። ነባሩን ማፍረስ አቧራው ቢያማርርም ይሻላል።

3. ገንዘቡን በቅደም ተከተል አስቀምጡ

ሰው በጀት ሲያወጣ የሚጽፈው የሴራሚኩን የካሬ ዋጋ ነው። ከሱ ጋር የሚመጣው ግን ብዙ ነው፦ የእጅ ዋጋ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ወይም ማጣበቂያ፣ ግራውት (የመጋጠሚያ መሙያ)፣ ዞኮሎ (የግድግዳ እግር መሸፈኛ)፣ የጠርዝ ማስጨረሻ፣ ትራንስፖርት፣ ጫኝና አውራጅ፣ ወደ ፎቅ ማስወጫ፣ የፍርስራሽ ማስነሻ። 60 በ60 የሆነ ፖርሴሊን አንዱ ካርቶን ወደ 30 ኪሎ ይደርሳል። አራተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር ስታስወጡት ዋጋው የት እንደሚደርስ ከአውራጆቹ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መኪናው በር ላይ ቆሞ የሚደረግ ድርድር ሁልጊዜ እናንተን ነው የሚጎዳው።

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ከኮርኒስ ጌጥ ነው። ቀጥሎ ከግድግዳ። ከወለል ብዙ አትቀንሱ፤ በላዩ ላይ እየኖራችሁ ወለል መቀየር መከራ ነው። ከውሃ መከላከያ፣ ከቧንቧና ከኤሌክትሪክ ደግሞ ሳንቲም አትንኩ። እነዚህ ሴራሚኩ ሥር ይቀበራሉ፣ ከተበላሹ ሴራሚኩም አብሮ ይፈርሳል።

4. ዕቃውን ለክፍሉ ምረጡ

አሁን ወረቀታችሁን አውጡና ከየክፍሉ ጎን ያለውን መልስ እያያችሁ ተከተሉኝ።

ወለል። ለሳሎን፣ ለኮሪደርና ለማድ ቤት የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ፖርሴሊን ነው፤ የሚያብለጨልጨው ሳይሆን ማት የሆነው። ፖርሴሊን የሚባለው ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ከ0.5 በመቶ የማይበልጥ ነው። ስለዚህ አይጠጣም፣ እድፍ አይይዝም፣ ፍም ቢወድቅበትም ይጠረጋል። ተራው ሴራሚክ ከላይ መስታወት መሰል ሽፋን ያለው፣ ከሥር ግን ቀይ ወይም ነጭ ሸክላ ነው። ሽፋኑ እስካለ ድረስ ችግር የለውም፣ ዋጋውም ይቀላል። ከባድ ነገር ወድቆ ከፈነከተው ግን የሥሩ ቀለም ይታያል። ለመኝታ ቤት ይበቃል።

ባለአብረቅራቂ ወለል ወዳዶች ብዙ ናችሁ፣ አውቃለሁ። ቤቱን ሰፊና ብሩህ ያስመስላል። ግን አቧራ፣ የእግር አሻራና የጸጉር ዘለላ ሁሉ ይታይበታል፤ በቀን ሁለቴ የሚወለውል ሰው ከሌለ ልብ ያቆስላል። ሻወር ቤት፣ ሰገነትና ደረጃ ላይ ደግሞ በፍጹም። አረጋውያን ያሉበት ቤት ከሆነ ክርክርም አያስፈልገውም።

ላሚኔት ለመኝታ ቤት ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ከአልጋ ወርዶ የሚረገጥ እንጨት መሰል ወለል ደስ ይላል። ቀላል ነው፣ ባለ 8 ሚሊው በካሬ ወደ 7 ኪሎ ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ ኤሲ 3 ወይም ኤሲ 4 የሚል ይፈለግ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጭረት መቋቋሙ ይጨምራል። ውኃ ያለበት ቦታ ግን አታስገቡት። እንጨት መሰል ነገር ለሳሎንም ከተፈለገ በስፒሲ የሚታወቀው ባለድንጋይ ዱቄት ቪኒል አለ። ውሃ አይነካውም። ፍም ግን ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ጥግ በሴራሚክ ማድረግ ወይም ሰፊ ትሪ ከምድጃው ሥር ማንጠፍ ያስፈልጋል።

እውነተኛ ፓርኬ ያለው የቆየ ቤት ከያዛችሁ ከማፍረሳችሁ በፊት አስፈግፍጋችሁ እዩት። የፓርኬው ጣውላ ተፈግፍጎ ቫርኒሽ ሲቀባ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ላሚኔት የተሻለ ወለል ይወጣዋል። ያረጀ ቴራዞም (ጠጠርና ሲሚንቶ ተቀላቅሎ የተሠራ ወለል) እንዲሁ ነው። በማሽን ተወልውሎ ሲያበራ ዓይን ይስባል፣ ሰው ግን በላዩ ላይ ርካሽ ሴራሚክ ይለጥፍበታል። ያሳዝነኛል።

እብነበረድ የሀገር ውስጥም አለን፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እብነበረድ የታወቀ ነው። ለደረጃና ለመስኮት ደፍ ያምራል። ለማድ ቤት ጠረጴዛ ግን አልመክርም። እብነበረድ በአሲድ ይበላል። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ኮምጣጤ ጠብ ብሎ ከቆየበት አብረቅራቂነቱ ይጠፋና ደብዛዛ ክብ ይቀራል፤ በጨርቅም በሳሙናም አይለቅም። ሽንኩርትና ቲማቲም በየቀኑ ለሚከተፍበት ጠረጴዛ 2 ሳንቲ ሜትር ግራናይት ይሻላል። ልዩነቱን ሻጩ ካላስረዳችሁ ቁራጭ ለምኑና ቤት ወስዳችሁ ግማሽ ሎሚ ጭመቁበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስትጠርጉት ደብዝዞ ከሆነ ግራናይት አይደለም።

ግድግዳ። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ስቱኮና በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም ይበቃል። አዲስ ልስን ላይ ቶሎ አትቀቡ፤ 28 ቀን ያህል ይቆይ። ሲሚንቶው እርጥብ ሳለ የሚቀባ ቀለም ከውስጥ በሚወጣው ጨውና አልካላይ ይበላሻል፤ ይላጣል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ሠራተኛው «አምስት ቀን ይበቃል» ሊላችሁ ይችላል። የሚቀጥለውን ሥራውን እያሰበ ነው።

ልጆች ካሉ ሙሉ በሙሉ ማት የሆነውን ተዉት፤ ሲታሽ ነጭ ይሆናል። ትንሽ ጸዳል ያለው፣ የሚታጠብ የሚባለው ይሻላል። ማድ ቤት ውስጥ ከምጣዱና ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ሴራሚክ ይሁን፣ ቢያንስ ከጠረጴዛው እስከ ላይኛው ቁምሳጥን። ከምጣዱ ጀርባ ግን እስከ ኮርኒስ ውሰዱት፤ እንፋሎቱ መሃል ላይ አይቆምም። የግድግዳ ሴራሚክ ስስና ውሃ የሚመጥ ነው፤ ወለል ላይ አይነጠፍም። በርካሽ አገኘሁ ብሎ ወለል ላይ ያነጠፈው ሰው ብዙ ነው፣ ከዓመት በኋላ ስንጥቁን ይቆጥራል።

ውጭውን በኳርትዝ ቀለም ማስቀባት የተለመደ ነው፣ ዝናብና ፀሐይም ይችላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፤ ፀሐዩ ደማቅ ቀይና ሰማያዊን ቶሎ ያፈዝዛል። የአፈር፣ የክሬምና የግራጫ ወገን የሆኑት ይቆያሉ። የአምቦ ድንጋይ የምትለጥፉ ከሆነ ውሃ ይጠጣልና ውሃ ገፊ ቅብ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ እንደ ሽበት ያለ ነጭ ጨው ያወጣል። ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ የውጭ ግድግዳው የብቻችሁ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ነውና የማኅበሩን ኮሚቴ ሳታነጋግሩ ቀለም አትቀይሩ።

ኮርኒስ። እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ለማድ ቤትና ለሻወር ፒቪሲ ወይም አረንጓዴ ፊት ያለው እርጥበት የሚችል ጂፕሰም ቦርድ፤ ለሌላው ተራው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት ከሆነ ጣሪያው ሳይጠገን ጂፕሰም አይሰቀል፤ አንድ ጠብታ ቡናማ ካርታ ይሠራበታል። በየሳሎኑ የሚሰቀለው ባለሦስት ደረጃ ጌጥ፣ ከነቀለማቱ መብራት፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ የኮንዶሚኒየም ክፍልን ይጫነዋል። ቀጥ ያለ ይበቃል።

5. አሁን ሱቅ ሂዱ

ተክለሃይማኖትም ሂዱ መርካቶ፣ የመጀመሪያው ቀን ለማየት ብቻ ይሁን። ብር አትያዙ። ውሃ በላስቲክ፣ ሜትርና ስልክ ይበቃችኋል።

ፖርሴሊን ነው የተባለውን ገልብጡትና ጀርባው ላይ ጥቂት ውሃ አንጠባጥቡ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ተቀምጦ ከቆየ ፖርሴሊን ነው፤ ከጠጣው ተራ ሴራሚክ ነው። ሻጩ ቅር ቢለው ግድ የለም።

ከዚያ ከአንድ ካርቶን ሁለት አውጡና ፊት ለፊት ግጠሟቸው። መሃላቸው ወይም ጥጋቸው ላይ ብርሃን ካለፈ ጎብጠዋል። ትልልቆቹ፣ በተለይ 60 በ120፣ ይህ ችግር አለባቸው። ሲነጠፉ አንዱ ጥግ ይነሳና እግር ይመታል። ጠባብ ክፍል ላይ ትልቅ ሴራሚክ ብክነቱም ብዙ ነው፤ ለሻወር ቤት ወለል 30 በ30 የሆነው ወደ መውረጃው ተዳፋት ለመሥራት ይመቻል።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። መንሸራተትን የመከላከል ደረጃው አር 9፣ አር 10፣ አር 11 እየተባለ ይጻፋል። ለሻወርና ለማድ ቤት ከአር 10 አትውረዱ፣ ለሰገነት አር 11 ፈልጉ። ሽፋን ላለው ሴራሚክ ፒኢአይ የሚባል በእግር መበላትን የመቋቋም ደረጃ አለ፤ ለመኖሪያ ቤት ወለል 3፣ ለመግቢያና ለኮሪደር 4። ሌሎች ሁለት ምልክቶች ደግሞ የቀለም ቃናና የመጠን ቁጥር ናቸው። ሁሉም ካርቶኖቻችሁ በሁለቱም አንድ መሆን አለባቸው። ስሙና ኮዱ አንድ ሆኖ ቃናው ቢለያይ፣ መስኮት በኩል ፀሐይ ሲገባ ወለሉ ሁለት ቀለም ይሆናል።

ስንት ካርቶን? ክፍሉ 4 በ3.60 ነው እንበል። 14.4 ካሬ። ለቁርጥራጭና ለመጠባበቂያ 10 በመቶ ጨምሩ፣ 15.84 ይመጣል። 60 በ60 የሆነው አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን 4 ፍሬ ነው፣ 1.44 ካሬ። ስለዚህ 11 ካርቶን። በሰያፍ የምታስነጥፉ ከሆነ 15 በመቶ አድርጉት። «ካነሰ እንጨምራለን» የሚለውን አትቀበሉ፤ ስትመለሱ ያ ቃና ላይኖር ይችላል፣ ዋጋውም እዚያው አይጠብቃችሁም።

አንድ ፍሬ ናሙና ግዙና ቤት ውሰዱት። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ በራሳችሁ አምፖል እዩት። የቀለምም ነገር እንደዚሁ ነው። ትንሿን ጣሳ ግዙና አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ግድግዳ ላይ ሁለት እጅ ቀቡት። በካታሎግ ላይ ክሬም የነበረው በነጭ ኤልኢዲ አምፖል ሥር ግራጫ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር ቀለም በአንድ እጅ 10 ካሬ አካባቢ ይሸፍናል፤ ሁለት እጅ አስቡ።

ስትከፍሉ ደረሰኝ ውሰዱ። ደረሰኙ ላይ የሞዴል ኮዱ፣ ቃናውና የካርቶን ብዛቱ ይጻፍ። ያልተከፈተ ካርቶን ይመልሱ እንደሆነ ጠይቁና «አዎ» ካሉ እሱንም እዚያው አስጽፉት። የቃል «ችግር የለም» ደረሰኝ አይሆንም።

6. ከባለሙያው ጋር ተስማሙ

ጥሩ ዕቃ በመጥፎ አነጣጠፍ ይሞታል። ከሠራተኛው ጋር ስለ እጅ ዋጋ ስትነጋገሩ እነዚህንም አብራችሁ አንሱ።

ፖርሴሊን በተራ ሲሚንቶና አሸዋ በደንብ አይያዝም፤ ውሃ ስለማይጠጣ ሞልታው የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። የሴራሚክ ማጣበቂያ ይፈልጋል። ተራ ሸክላ ሴራሚክ ግን በሞልታ ሊነጠፍ ይችላል፣ ቀድሞ ውሃ ውስጥ ከተነከረ። ካልተነከረ የሞልታውን ውሃ መጦ ያደርቀዋል። ሠራተኛው ሁለቱንም በአንድ መንገድ እሠራለሁ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ሻወር ቤት ውስጥ ከሴራሚኩ በፊት ውሃ መከላከያ ይቀባ። ወለሉ ሙሉውን፣ ግድግዳው ዙሪያውን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ውሃ የሚረጭበት በኩል ደግሞ እስከ 2 ሜትር። ሲደርቅ መውረጃውን ድፈኑና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ሙሉበት። ለ24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ የታችኛውን ጎረቤት አንኳኩና «እትዬ፣ ኮርኒስዎን ልይ?» በሉ። ደረቅ ከሆነ ሴራሚኩ ይቀጥል። ይህቺ አንድ ቀን ስንት የጎረቤት ጠብ እንደምታስቀር ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል።

መጋጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ ሳይሆን በግራውት አስሞሉ። ነጭ ሲሚንቶ ማድ ቤት ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል። ቀለሙ ከሴራሚኩ ትንሽ ጠቆር ቢል እድፍ አይታይበትም። «ክፍተት ሳንተው ገጥመን እንሥራው» የሚለውን ምክር አትስሙ፤ 2 ሚሊ እንኳ ክፍተት ይኑር።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ማፍረስ፣ ኤሌክትሪክና ቧንቧ፣ ልስን፣ ውሃ መከላከያ፣ ኮርኒስ፣ የግድግዳ ሴራሚክ፣ የወለል ሴራሚክ፣ ስቱኮና የመጀመሪያ ቀለም፣ በርና ቁምሳጥን፣ ላሚኔት፣ በመጨረሻም የማጠናቀቂያ ቀለም። ላሚኔቱ ሳይነጠፍ ሁለት ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ይቆይ፤ ሲነጠፍም ዙሪያውን ከግድግዳ 8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል።

ክፍያው በሦስት ይከፈል፣ የመጨረሻው ድርሻም ትርጉም ያለው ይሁን። ሙሉውን ቀድሞ የወሰደ ሠራተኛ ስልክ አያነሳም።

7. ስትረከቡ

ሂሳቡን ከመዝጋታችሁ በፊት ጫማ አውልቁና በየክፍሉ በባዶ እግር ተራመዱ። የተነሳ ጥግ ካለ እግር ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል። በሳንቲም እያንዳንዱን ሴራሚክ መሃሉንና አራት ጥጉን አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በስኮች ምልክት አድርጉበት። ጥጉ ባዶ የሆነ ሴራሚክ የሶፋ እግር ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ሻወር ቤት ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉና ጥግ ላይ የሚቀር ኩሬ ካለ እዩ። ወደ መውረጃው በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ማታ ደግሞ መብራት ከጎን ይዛችሁ ግድግዳውን እዩ፤ ስቱኮው የጎበጠበትና ያልተፈገፈገበት ያኔ ነው የሚታየው።

ከተረፈው ሴራሚክ ቢያንስ አንድ ካርቶን አልጋ ሥር አስቀምጡ። ነገ ቧንቧ ፈንድቶ አንድ ቦታ ቢቆረጥ ያንን ቃና ከየትም አታገኙትም። የካርቶኑን ጽሑፍና የቀለሙን ኮድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የተረፈውን ቀለም ክዳኑን በደንብ ግጠሙና ላዩ ላይ የክፍሉን ስምና የተቀባበትን ወር በማርከር ጻፉበት።